የአጎቴ ከዘራና የእኔ ፓምፕ

አጎቴ ውሃ ሲመጣ የራሳቸውን ጀሪካን ቀድመው አይሞሉም ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኩ፣ «ውሃ መጥቷል፣ ኧረ ተነሱ!» ይላሉ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ዳገቱ ላይ ነው፤ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፣ እሱም ከመጣ።

ያንን ውሃ የምከፍተውና የምዘጋው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ባለፈው በጋ የሰፈራችንን ፈረቃ ዘግቼ ከከተማው ዳር ድንጋይ ፈልፍሎ ጠጠር ለሚያመርተው ኩባንያ እንድለቅ ከአለቃዬ ታዘዝኩ፤ ለቀቅኩ። እኛ የምንጠጣው ስናጣ እነሱ ጠጠር ያጥቡበት ነበር። አጎቴ ሲጠይቁኝ «ፓምፑ ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው።

አመኑኝ። በዚያው ከዘራ በር እያንኳኩ፣ «ታገሡ፣ ፓምፑ ነው፤ ልጃችን እዚያው ነው የሚሠራው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አጽናኑልኝ።

እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ።

ከቀብራቸው በኋላ ፈረቃችን ተመልሶ ውሃ መጣ፤ የሚያንኳኳ ግን የለም። ከዘራቸውን አንስቼ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። ጎረቤታችን የሆኑት እናት ከፍተው ከዘራውን አዩና በእጃቸው ዳሰሱት።

«ፓምፑ ተሠራ እንዴ ልጄ? እሳቸውማ ‹ልጄ ያሠራዋል› ይሉን ነበር።»

«አዎ፣ ተሠራ» አልኳቸው።