ቆመው የመረቁኝ አማቴ

ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ብቸና የሚኖሩት አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ አዲሱን ቤቴን ሊመርቁ የመጡ ዕለት፣ እባክዎ ይቀመጡ ብዬ ብለምናቸው አሻፈረኝ ብለው ቆመው መርቀው ሄዱ። ንቀውኝ ነው ብዬ አራት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ባለፈው ሰሞን፣ ሲቀመጡ በብልታቸውና በመቀመጫቸው መካከል የሚያቃጥላቸው እናት ወደ እኔ ተላኩ። እንዲህ ላለው ሕመም የዚያን ቦታ ነርቭ በአልትራሳውንድ እያየሁ ማደንዘዣ እወጋለሁ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ አማቴ ናቸው!

የሚተካኝ ሰው አልነበረም። ቆብና ማስክ ማድረጌ በጀኝ ብዬ፣ ድምፄን አጎርንኜ “በጎንዎ ይተኙ እናቴ” አልኳቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያወራሉ።

“ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። እዚህ ቦታ ያመኛል ተብሎ ይወራል? አማቼ ግን የናቅሁት መስሎት ተቀየመኝ።”

ነርቩን ፈልጌ ማደንዘዣውን ወጋሁ።

ትንሽ ቆይተው ተነሡ፤ ወንበሬን ሳብ አድርገው ፈራ ተባ እያሉ ተቀመጡ። እንባቸውን ጠርገው ቀና ብለው አዩኝ።

“ይኸው ተቀመጥኩልህ” አሉኝ፤ “አሁንስ ደጄን ትረግጣለህ?”