ለቤታችን የፈረምኩበት ቅዳሜ

ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ይህ ወረቀት ስብሰባ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔ ጋ ሲደርስ ዛሬም እጄ ላይ ይቆያል። ሌላው ሰው ጫር አድርጎ ሲያሳልፍ እኔ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፣ ከላይ ምን ርዕስ እንዳለው እፈልጋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ቤት የምትሸጪ አስመሰልሽው እኮ!» እያሉ ይስቁብኛል። ቤት እንኳ ሸጬ አላውቅም። ሜዳ ግን አንድ ጊዜ አሳልፌ ሰጥቻለሁ፣ ያውም በአሥራ አንድ ዓመቴ።

ልጅ እያለሁ አዳማ ውስጥ ከበራችን ፊት ለፊት ስም ያልወጣለት ሜዳ ነበር። ዝም ብለን «ሜዳው» እንለዋለን። ዳሩ ላይ ሁለት ግራሮች ቆመውበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ጥርሳችን መሃል ይንቀጫቀጫል፣ እኛ ግን ከወንጂ የመጣ ሸንኮራ እየላጥን ሱዚ እንዘላለን። ቅዳሜ የሠርግ ድንኳን ይተከልበታል፣ ማክሰኞ የለቅሶ። ደመራ እዚያው ይበራል፣ በዒድ ማለዳም ምንጣፍ ይነጠፍበታል። አንድ ሰሞን ውሃ ሲጠፋ የሰፈሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ቁጭ አሉ። ማንም አልጮኸም፣ ድንጋይም አልተነሳም፣ እያወሩና እየተሳሳቁ ሦስት ቀን ዋሉበት። በአራተኛው ቀን ቧንቧው ማንኮራፋት ጀመረ። ለእኔ ሰልፍ ማለት ለብዙ ዓመት ያ ነበር።

አባቴ ሞጆ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሸሚዙ ስንት ጊዜ ቢታጠብ የቆዳው ሽታ አይለቀውም። ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ግን ያንን ሽታ እወደው ነበር፤ አባዬ መጣ ማለት ነዋ። አንድ ጊዜ ለሥራ ሻሸመኔ ደርሶ ሲመለስ ባለ ሦስት እግር ትንሽ በርጩማ አመጣልኝ። ከእኔ በቀር ማንም አይቀመጥባትም። እንግዳ እንኳ ቢመጣ አልለቅም።

አንድ ዓርብ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈሩን ዞረች። በማግስቱ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ አለ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይገኝ ተባለ። አባዬ ቅዳሜ ተረኛ ነበር፣ እናቴም መቂ ለቅሶ ሄዳለች። «ሄደሽ አስመዝግቢልን» አለኝ ጫማውን እያሰረ። «ከቀረን ከስኳሩ ይሰርዙናል።» ያኔ ሁሉም ቤት እንደዚያ ያደርግ ነበር። አዳራሹ ስደርስ ግማሹ ተሰብሳቢ እንደ እኔ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ነው።

ወረቀቱ ሲመጣ የአባዬን ስም አንድም ሳልሰርዝ ጻፍኩና ፈረምኩለት። በክፍላችን በእጅ ጽሕፈት የሚስተካከለኝ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ መጻፍ አይችሉም። «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ሲያምር! የእኔንም ጻፊልኝ» አሉኝ። እሳቸውን ያዩ ሌሎችም ለመኑኝ። የሰባት ቤት ስም ጻፍኩ። መድረክ ላይ ምን እንደተባለ ብትጠይቁኝ አላውቅም። እኔ ጽሕፈቴን ነበር የማየው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ሜዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተከሉ። ለባለሀብት ተሰጠ ተባለ። ሰፈሩ ተንጫጫ። አባዬ የእድሩን ሰዎች አነጋገረና እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ሜዳው ላይ ወጥቶ በሰላም ሊቀመጥ ተስማሙ፣ እንደዚያ እንደ ጀሪካኑ ጊዜ። አባዬ መሰብሰባቸውን የሚያሳውቅ ደብዳቤ ጽፎ ቀበሌ ቢሮ ወሰደ። ሲመለስ ለእናቴ ሲነግራት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ሹሙ አንድ ፋይል አውጥቶ አሳይቶታል። ፊተኛው ገጽ ላይ ሜዳው ለባለሀብት እንዲሰጥ ነዋሪው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። ከኋላው ያ የቅዳሜው ወረቀት ተያይዟል።

«ጽሕፈቷ እንዴት እንደሚያምር ብታዪ» አላት። ቀጥሎ ደግሞ «የላክኋት እኔ ነኝ» አለ።

ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። አልገረፈኝም፣ አልተቆጣኝም፣ ስለዚያ ወረቀት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወሬው ግን እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰው። ፈርመን እንዴት እንቃወማለን ያለም ነበር፣ ነገ ስማችን ሊጠራ ነው ብሎ የፈራም።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባዬ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰ። በአንድ እጁ ወንበሩን፣ በሌላው የእኔን በርጩማ አንጠልጥሎ፣ ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ግራሩ ሥር ወንበሩን አስቀምጦ ተቀመጠ፣ በርጩማዋንም አጠገቡ አደረጋት። ሬዲዮውን ሊያስቀምጥባት ነው ብዬ ተናደድኩ። በበሩ ስንጥቅ ሳየው ሬዲዮው ጉልበቱ ላይ ነው። በርጩማዋ ባዶዋን ነበረች።

አንድም ሰው አልመጣም። አላፊ አግዳሚው ከሩቅ «አካም ኦልታን፣ ጋሼ? እንዴት ዋሉ?» እያለ እርምጃውን ያፈጥናል። እትዬ ዘይነባ ሜዳውን ላለማቋረጥ በጀርባ በኩል ዞረው ሲሄዱ አየኋቸው። እኔም ያው ነኝ። ብወጣ ሰው ሁሉ «ይህቺ ናት የፈረመችው» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር፣ ስለዚህ አልወጣሁም።

በሚቀጥለው እሁድም ወጣ፣ በሌላውም። አንድ ቀን የችካሉ ጠባቂ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ አንድ ሰው እኮ ሰልፍ አይሆንም» ሲለው ሰማሁ።

«ሰልፍ ማን ወጣ? ደጄ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ታዲያ ማንን ይጠብቃሉ?»

«የሚመጣ ሰው አለ» አለ አባዬ።

አምስት እሁድ ተቀመጠ። በስድስተኛው ሳምንት ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። አባዬ በርጩማዬን ጠርጎ አልጋዬ ሥር መለሳት። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬባት አላውቅም።

አባዬ ካረፈ ዓመታት አለፉ። እኔ እዚያው አዳማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። በቅርቡ የግቢያችን ልጆች የሚጫወቱባት ባዶ ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ልትከራይ ነው ተባለ። የቴሌግራም ግሩፓችን በቁጣ ተጥለቀለቀ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ወርደን እንቀመጥ ብዬ ጻፍኩ። ስንቱ አውራ ጣቱን አነሳልኝ መሰላችሁ! ሰዓቱ ሲደርስ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ወረድኩ። ነፋሱ ያው የድሮው ነው፣ አቧራውም ጥርሴ ውስጥ ገባ። ሰው ግን የለም። ያኔ ቢያንስ ከሩቅ «አካም ኦልታን» የሚል ነበር። አሁን ስልኬ ብቻ ነው ኪሴ ውስጥ የሚንጫጫው፤ አልተመቸኝም፣ በሐሳብ ከናንተ ጋር ነኝ፣ ፎቶ ላኪልን።

ስወጣ የያዝኩት ሁለት ወንበር ነበር። ሁለተኛው ለልጄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በረንዳው ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። ግቢው ሁሉ እናቷን ብቻዋን ቁጭ ብላ ሲያይ እንደምታፍር አውቃለሁ፣ አልፈርድባትም። ብጠራት ትወርድ ነበር። ግን አልጠራኋትም፣ ራሷ እንድትመጣ ፈለግሁ። ያን ጊዜ ነው ባዶውን ወንበር እያየሁ የአባዬ ነገር የገባኝ፣ በዚህ በአዋቂ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከበራችን እስከ ግራሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም ነበር።