ሰው የሞተበት አልጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህላል? የሚቆጠርለት ያስታመመው ነው ወይስ ያሳዘነው? ሌንሳ ዲንሳ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ጠዋት ጠዋት ከፉሪ ወደ ሥራ ስትሳፈር፣ ግንባሯን የታክሲው መስኮት ላይ አስደግፋ ራሷን የምትጠይቀው ነው። መልሱም ሁልጊዜ ወደ አንዲት ሴት ይወስዳታል።

ሌንሳ የካንሰር ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። አባቷ አቶ ዲንሳ ፉሪ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያመርቱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። ዛሬ ማሳቸው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እሳቸውም በፎቁ ጥላ ሥር በቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ጎመን ይተክላሉ። ልጃቸው ለሥራው የተፈጠረች ነበረች። መድኃኒት ያደረቀው ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጋ አታጣም፤ አስታማሚውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች፤ ያስታመመችው ሰው ሲያርፍ ደግሞ ለቅሶ ትደርሳለች። ለቡም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ድንኳን ከተጣለበት ደጅ ሳትደርስ አትቀርም ነበር።

ውሎ አድሮ ግን እንባዋ ነጠፈ። መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ ምንጭ ሲደርቅ ማን ቆሞ ያየዋል? ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የነገ የሥራ ተራዋን ታስባለች። «እግዜር ያጽናችሁ» የሚለው ቃል ብቻ እንደ እግዜር ይስጥልኝ ሳታስበው ከአፏ ይወጣል። ሰው ርኅራኄን የማያልቅ ስንቅ አድርጎ ያስባል፤ አገልግሉን ሲከፍተው ነው ባዶነቱን የሚያውቀው።

አንድ ረፋድ ላይ ገዳ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር አረፈ። ሌንሳ ዓይኑን ከደነች፣ ሚስቱን ደግፋ እስከ በር ሸኘች፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ተመለሰች። ስትመለስ አንሶላው ተቀይሮ፣ እዚያው አልጋ ላይ አዲስ በሽተኛ፣ መካኒሳ አቦ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ተኝተዋል። ልጃቸው ውዳሴ አጠገባቸው ቆማለች። ወይዘሮዋ ሕመማቸው ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ልጆቻቸው «የጨጓራ ቁስለት ነው» ብለዋቸው፣ ነርሶቹንም ዝም እንዲሉ ለምነው ነበር። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሌንሳ የውዳሴን እጅ ጨበጠችና፣

«እግዜር ያጽናችሁ» አለቻት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ልጃቸውን አዩ፣ ነርሷን አዩ። «እኔ ነኛ!» አሉና ነጠላቸውን ስበው ከአልጋው ወረዱ። ውዳሴ ብትለምን፣ ሌንሳ እግራቸው ላይ ብትወድቅ አልሰሙም፤ መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ቤታቸው ገቡ። በጊዜ ከጀመሩት ሊያተርፋቸው ይችል ነበር። ሌንሳን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

እሑድ ዕለት መካኒሳ ወረደች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሽንኩርት ይለቅማሉ።

«መጣሽ ሲስተር? ድንኳኑ ገና አልተጣለም እኮ፣ ቸኮልሽ።»

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ይቅር ይበሉኝ። በእኔ ጥፋት ሕክምናውን አይተዉ።»

«ተቀመጪ እስቲ። ጨጓራ አለመሆኑን መች አጣሁት? ልጆቼ ጓሮ እየዞሩ ሲያለቅሱ እያየሁ? እንዳይከፋቸው ብዬ ነው ሞኝ የሆንኩላቸው።» ሽንኩርቱን አስቀመጡ። «ያስኮበለለኝ ቃልሽ አይደለም፣ ልጄ። ስትናገሪ ፊትሽን አየሁት፤ ሰው አልነበረበትም። በሌለ ሰው እጅ ልታከም? ብዬ ወጣሁ።»

ሌንሳ ማልቀስ ፈለገች። እንባው እምቢ አለ፤ ይህም ሌላ በደል ሆነባት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሕመሙ ሲጠናባቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ዘግይተዋል አለ። ሌንሳ እስከ መጨረሻው አስታመመቻቸው። የቀብራቸው ዕለት መካኒሳ አቦ ድረስ ሄዳ ከድንኳኑ በር ተመለሰች። ውዳሴን ምን ብላ ታጽናናት? ያችን ቃል አስቀድማ ጨርሳታለች።

በማግስቱ አባቷን ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ዲንሳ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«መሬት እንኳ ጦም ያድራል፣ ልጄ» አሏት። «ሳያሳርፉ ያረሱት ማሳ የሚሰጠው ገለባ ነው።»

ሰኞ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ሌንሳ እጇን አነሳች። ኃላፊዋ ሲስተር ኤሌኒ ደግ ሴት ናት፤ ድካሟም ከሌንሳ አያንስም። ቀደም ሲል ለነርሶቹ ስለ ድካም ሥልጠና አዘጋጅታ ነበር፤ እነሱም ውኃና ብስኩት ታድሏቸው፣ «በረጅሙ ተንፍሱ» ተብለው ተበትነዋል።

«ሥልጠናም ዝውውርም አልጠይቅም» አለች ሌንሳ። «ሰው የሞተበት አልጋ እስኪመሽ ድረስ ጦም ይዋል። ፊታችንን እንታጠብ። የሞተውን እናስበው።»

«ሌንስዬ፣ ለእነዚያ አንቺው ንገሪልኛ» አለች ኤሌኒ፣ በአገጯ ወደ ኮሪደሩ እያመለከተች። ወለሉ ላይ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተኮራምተው አልጋ ይጠብቃሉ። ሌንሳ አየቻቸው። ተነስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከቀትር በፊት የመስኮቱ ጥግ በሽተኛ አረፈ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንሶላ ይዛ መጣች።

«እንግዲያው ዛሬን አንሶላውን እኔ ልቀይረው» አለች ሌንሳ። «ቀስ ብዬ።»

ተረኛው በሽተኛ ግን በቃሬዛ ከበሩ ደርሶ ነበር።