የግራው እጅጌ

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ስፌት ለመተርተር ነው። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስፌት ሲበላሽ የሚተረትርላት ሰው ፈለገች፤ እኔ ተገኘሁ። እሷ ስትሰፋ እኔ ስተረትር ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። የሰፈሩ ሰው "ተርታሪዋ" ይለኛል። ዓይን የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ግን ለመድኩት።

እህቴ ባለፈው ዓመት ስትሞት ለልጇ የቆረጠችው ሰማያዊ ቀሚስ ሳይሰፋ ቀረ። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፤ የስፌት መኪናውን ወርሳ ትሰፋለች። እንደ እናቷ ግን ዝም ብላ አይደለም። ስልኩን በክር ቆርቆሮ አስደግፋ፣ ላይቭ የሚሉት ቀጥታ ሥርጭት ገብታ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች እያወራች ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ያንን ቀሚስ አነሳች። የግራውን እጅጌ ቀኝ ትከሻ ላይ ገጠመችው። ጀማሪ ሁሉ ይሳሳትበታል። እህቴ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለውን ስታይ አትናገርም፤ ከኋላ መጥታ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። ያኔ እኔ ምላጬን አነሳለሁ።

"አክስቴ፣ ከኋላዬ ቆመሻል እንዴ?" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ እንዳለ።

"እኔማ እዚህ ተጎልቼ ቁልፍ እተክላለሁ።"

"ሰዎቹ ከኋላሽ ያለችው ሴትዮ ማን ናት ይላሉ። አንዱማ የሂሳብ አስተማሪዬን ትመስላለች ብሏል።"

ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ ጠጋ አልኩ። ስልኩ ውስጥ፣ ከልጅቷ ጀርባ፣ እህቴ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ ጠመኔው እጇ ላይ። ዞሬ አየሁ፤ ባዶ ግድግዳ። ልጅቷም አየች፤ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

"እማዬ" አለች።

እጅጌውን ተርትሬ በእጅ መርፌ በቦታው ገጠምኩት። ሰዎቹ "ሴትዮዋ ሄደች" ብለው ጻፉ። እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ልጅቷ ሆን ብላ አሳስታ ሰፋችው።

"ምነው ልጄ?"

"አስተካክዬ ብሰፋ ትመጣለች?"

"የሞተ ሰው በስህተት አይጠራም።"

"በምን ይጠራል ታዲያ? አንቺ ንገሪኛ።"

ምላጬን አነሳሁ።

በየቀኑ እሷ ታሳስታለች፣ እኔ እተረትራለሁ። ጨርቁ ወንፊት መሰለ። ያቀረብኩላት ምግብ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ፊቷ አመድ ለበሰ። ተመልካቹ ግን በዛ፤ "አማቴ ዛሬ ቀረብ ብላለች" እያለ የሚያሾፍም አለ። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ጋ ነበረች፤ ቀጥሎ ወንበሩ ጋ። ሐሙስ ዕለት እጇን ልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ላይቩ ሲዘጋ በልጅቷ ሸሚዝ ትከሻ ላይ ነጭ የጠመኔ መስመር አየሁ። አራገፍኩት። ሸሚዙን ሳወልቅላት ቆዳዋም ላይ አለ። በሳሙና ፈተግኩት፤ አልለቀቀም። እህቴ በጠመኔ የምታሰምረው መቀስ የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ ነው።

ቀሚሱን ባቃጥለው ሌላ ቀሚስ ታበላሻለች። ብቆጣት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። እህቴ የምትመጣው ወደ ተሳሳተው ሰው ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ልጅቷ ክር ልትገዛ ስትወጣ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፋሁት። ትታው የሄደችውን ስልክም ከፍቼ ላይቭ ገባሁ።

"ባልቴቷ ደግሞ ማን ናት? ልጅቷን አምጪልን" ብለው ጻፉ።

"እትዬ፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልጅሽን ተያት" አልኩ።

ጠረጴዛው ሁለቴ ኳ ኳ አለ። ምላጩን አላነሳሁም። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰመረ።

ልጅቷ ስትመለስ በትከሻዬ በኩል ስልኩን አየች። "እማዬ እኔን አታየኝም" አለች፤ ብዙ አለቀሰች። ያን ቀን መስመሩ በተራ ውሃ ከገላዋ ታጠበ። ሁለት ሰሃን በላች።

አሁን ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት፤ መኪናው ላይ እኔ ነኝ። እኔ ከተነሳሁ ልጅቷ አሳስታ ልትሰፋ ትቀመጣለች፣ ስለዚህ አልነሳም። መስመሩ ዛሬ አንገቴ ደርሷል። ምላጩ አጠገቤ ነው፤ ስፌቱን ለመተርተር ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀምጫለሁ።