ሳይተረጎም የቀረው ግማሽ ንግግር

ትምህርት ቤቱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን ይሆናል። አንዲት ትንሽ የሰፈር ትምህርት ቤት ለማስዘጋት የእኔ ቢጤ ሰው ምን አቅም አለው? ስብሰባው ከመጠራቱ በፊትም ነገሩ ያለቀለት ነበር የሚሉ አሉ። ቢሆንም «ወላጆች ተስማምተዋል» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ የሰፈረው በእኔ አፍ በኩል አልፎ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም አልረሳሁትም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እዚሁ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ የሆነ ነው። ሥራዬ በትምህርት ቤቱና ከኢትዮጵያ በመጡት ወላጆች መካከል ማስተርጎም ነበር። የምቀጠረው በከተማው ትምህርት ክፍል ሲሆን ውሌ በየዓመቱ ይታደሳል። ትምህርት ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መሀል ከተማ፣ ከባንኩ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። የከተማው ልጅ ሁሉ የት እንደሚማር የሚወሰነው ግን እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ ተለጥፏል፤ ካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲህ የሚኖር ልጅ እዚህ ይማራል፣ ወዲያ የሚኖር እዚያ።

ነባሮቹ ነዋሪዎች መስመሩን እንዴት እንደሚሻገሩ ያውቁ ነበር። ከመስመሩ ወዲያ አያት ወይም አክስት ያለቻት እናት የልጇን አድራሻ እዚያ ታስመዘግባለች፤ አለቀ። የእኛ ሰዎች ግን የመንግሥት ወረቀት «እዚህ ነህ» ካላቸው እዚያው ናቸው። በወረቀት ላይ መዋሸት ይቻላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ነባሮቹ እየሳሱ ሄደው በመጨረሻ ከእኛ ልጆች ሌላ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀሩ።

ተማሪ ሲቀንስ የማስተማሪያው ሰዓትም ይቀንሳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የእንግሊዝኛዋ መምህርት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብቅ ማለት ጀመረች። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ተዳብለው ተቀመጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። ቀጥሎ ፈተና መጣና ልጆቹ ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። ያኔ ከባንኩ በላይ ያሉት ሰዎች «ይህ ትምህርት ቤት ውጤት የለውም» አሉ። መጀመሪያ አስተማሪውን ወስደው ኋላ ልጆቹ ለምን አላወቁም ይላሉ! ደሜ ይፈላ ነበር። የሚፈላው ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ቢሮ ውስጥ እንኳን ልቆጣ ድምፄም አይሰማም።

ከወላጆቹ ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው አንድ ሽማግሌ ላይ ነበር። ከጎንደር ገጠር የመጡ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ የተጣላ ያስታርቁ፣ የደም ነገር ይገላግሉ ነበር አሉ። እዚህ ግን የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ ፋብሪካ ዕቃ ታሽጋለች፤ ጎህ ሳይቀድ በሠራተኞች አውቶቡስ ትወጣለች። ሁለተኛ ክፍል የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው፣ አልብሰው፣ ቁርስ አብልተው ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ አንድ መታጠፊያና አንድ የእግረኛ መሻገሪያ። እሳቸው ግን ለዚያች መንገድ ኮት ይለብሳሉ፣ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ባርኔጣቸውን ያደርጋሉ። የልጂቱን እጅ ሲይዙ ላያቸው ለሠርግ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ዕብራይስጥ አያውቁም፤ የልጂቱም መምህርት አማርኛ አታውቅም። ሁለቱ ግን የራሳቸው መግባቢያ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በሩ ላይ ሲቆሙ መምህርቷ ከደረጃው ላይ ሆና አውራ ጣቷን ወደ ላይ ካሳየቻቸው ልጂቱ ጎብዛ ውላለች። እጇን ግራና ቀኝ ካወዛወዘችው ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ ምክር አለ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነክተው ጎንበስ ይላሉ። በሁለቱ መካከል ለእኔ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ውጤት የለውም ሲባል ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ ያቺ አውራ ጣት ናት።

የመዝጋቱ ወሬ ሲሰማ ወላጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ነበርኩ። ሁሉም ቢናገር ነገር ይበላሻል፣ ስለዚህ ሽማግሌው ስለሁላችን ይናገሩልን ተባለ። ምን እንደሚሉም ተመከረበት፤ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ፣ ይልቅ አስተማሪ እንዲጨመርለት ይጠይቃሉ። ሽማግሌው «እሺ፣ ከአንጀቴ እናገራለሁ» አሉ። የዚያን ቀን የሁላችንም ልብ ሞላ።

ስብሰባው የተደረገው ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ወንበር ላይ ነው። ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ነበር። ከፊት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተቀምጣለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ጠረጴዛዋ ላይ ለልጆቻችን ከረሜላ ታስቀምጥ ነበር። ከጎኗ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አለ፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ጥግ ላይ ሆና ጥፍሯን ትመለከታለች። ኃላፊዋ ልጆቹ ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት እንደሚዛወሩ አስረዳችና «ከወላጆች ሐሳብ ያለው አለ?» አለች።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እዚህ ላይ የእኛን አገር ሽማግሌ አነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። እምቢታን ከፊት አያስቀድምም። መጀመሪያ ይመርቃል፣ ያመሰግናል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ዝም ይላል። ያኔ ባለጉዳዩ በተራው «አሜን፣ ይናገሩ እንጂ» ይለዋል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ጀምሮ ነው።

«ዕድሜ ይስጣችሁ» አሉ ሽማግሌው። «ክፉ አይንካችሁ፣ የልጅ ልጅ ያሳያችሁ። ለዚህች አገር አበቃችሁን፣ ልጆቻችንን አስተማራችሁልን። እኛ ምን እናውቃለን? የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ከቃላችሁ አንወጣም።»

ዝም አሉ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ትርጉሜ ስሕተት አልነበረበትም፤ ፈታኝ ቢኖር ሙሉ ነጥብ ይሰጠኝ ነበር።

የኃላፊዋ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንዴት ያለ የሚያምር ንግግር ነው!» አለች። ተነሥታ መጥታ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። ማስታወሻ የሚይዘው ሰው አንድ መስመር ጽፎ አቃፊውን ዘጋ። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላውም ተከተለው፤ ከእኛም ነገሩ ያልገባቸው አጨበጨቡ። ሽማግሌው መጨባበጡን «ይናገሩ» እንደመባል ቆጥረውት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጄ፣ ልቀጥል?»

ውሌ በዚያው ሳምንት የሚፈረምበት ጊዜ ነበር፤ የምትፈርመውም እጃቸውን የጨበጠችው ሴትዮ ናት። «ይቆዩ፣ ገና አልጨረሱም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል ነው። ሰዎቹ ኮታቸውን እያነሡ ነበር፤ እነሱን መልሶ ማስቀመጥ ከበደኝ፤ ፈራሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አባቴ፣ ሰዓቱ አልቋል። ቀሪውን ሌላ ቀን ይሰሙዎታል» አልኳቸው።

«እንዴታ፣ እንግዶች ናቸው፣ አናስቸግራቸው» አሉና ተቀመጡ። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ከኢሪያው፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። ሽማግሌው ሳይከፍቱት ለእኔ አመጡልኝ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ በከተማው ሌላ ጫፍ ይማራሉ፣ መጓጓዣ ይቀርባል ይላል። መጀመሪያው መስመር ላይ ግን «በወላጆች ስምምነት» የሚል ነበረበት። ያን መስመር ዘልዬ አነበብኩላቸው። «ታዲያ የሚሰሙን ቀን መቼ ነው?» አሉኝ። «እጠይቃለሁ» አልኩ። አልጠየቅሁም። ውሌ ታደሰ።

በአዲሱ የትምህርት ዓመት ሃሳዓው፣ ማለትም የተማሪዎቹ አውቶቡስ፣ ገና በማለዳ ሰፈር ውስጥ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ልጂቱን እስከ አውቶቡሱ በር ያደርሷታል፤ ከደጃፋቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም። አውቶቡሱ ሲሄድ እዚያው ቆመው ይቀራሉ። ሥራዬ ሆኖ አዲሱ ትምህርት ቤትም እመላለስ ነበር። የእኛን ልጆች ከክፍል እያወጡ «ለማጠናከር» ብለው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። ልጂቱ በድሮው ትምህርት ቤት ለሌሎች ታነብ የነበረች ናት። እዚህ ጭንቅላቷን ጠረጴዛ ላይ ጥላ አየኋትና አንጀቴን በላችው።

አንድ ቀን ሽማግሌው በእግራቸው ከተማውን አቋርጠው መጡ። ዘበኛው አላስገባ ብሏቸው ከአጥሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። በእረፍት ሰዓት የልጂቱ አዲሷ መምህርት ግቢው ውስጥ ስታልፍ ባርኔጣቸውን ነክተው ጎንበስ አሉላት። ማን እንደሆኑ አላወቀችም፤ አለፈች። ልጂቱ ግን አይታቸው ወደ አጥሩ ሮጠች።

«አባባ፣ ለምን መጣህ? ሂድ በቃ፣ ሃሳዓው ቤት ያደርሰኛል!» አለቻቸው፤ ጓደኞቿ ያዩዋት እንደሆነ እየዞረች ታያለች።

«እሺ የኔ እመቤት» አሉና ሄዱ። ሁለተኛ አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ሽማግሌው በየቀኑ የተዘጋው ትምህርት ቤት ደጅ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ብዙ ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቆየሁ፤ በመጨረሻ አላስቻለኝምና ሄድኩ። ከበሩ ትይዩ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠዋል። ሰንሰለቱ ዝጓል፣ ግቢው ውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር በቅሏል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱ አላለቀም ነበር፣ ንግግርዎ እንደ እሺታ ተጽፏል፣ ደብዳቤው ላይም ዘልዬብዎታለሁ አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። እንዲሰድቡኝ እፈልግ ነበር።

«ያን ቀን ፊትሽን አይቻለሁ» አሉኝ። «እንጀራሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ፊታቸውን ወደተቆለፈው በር አዞሩ።

«ነገር ግን፣ ጌቶቼ» አሉ፣ «እኔ ፊደል የማልቆጥር ሰው ነኝ። በዚህ አገር ለልጄ ልጅ የማደርግላት ነገር የለኝም፤ እጇን ይዤ ከዚህ በር አደርሳታለሁ፣ ከዚህ በር እቀበላታለሁ። አስተማሪዋ ታውቀኛለች። ይችን አትውሰዱብኝ። ትምህርት ቤቱ ከደከመ አስተማሪ ጨምሩለት፤ እኛ ግቢውን እንጠርጋለን፣ አጥሩን እናጥራለን። አትዝጉት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ተርጉሚው።»

«ለማን አባቴ? ማንም የለም እኮ።»

«ተርጉሚው ብቻ። በእነሱ ቋንቋ ሲባል ልስማው።»

ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምኩና ለበሩ በዕብራይስጥ ተናገርኩ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ትንሽ ጠበቁ።

«ያ ብቻ ነው?» አሉኝ። «ይህን ያህል አጭር ነበር እንዴ?»