ከኋላ ማን ይቀመጣል?

የመኪናዬን ኮምፒውተር ነካክቶ ለሞተሩ ጉልበት ይጨምራል የተባለውን ሰውዬ ገና ሳየው አላማረኝም። ጋራዥ የሚውል ሰው ሸሚዙ ላይ እንዴት ትንሽ እንኳ ግራሶ አይኖርም? ኮፈኖውንም አልከፈተም። ላፕቶፑን በገመድ ከመሪው ስር ሰክቶ ቁጥሮች ሲጨምር ቆየና ዞሮ የኋላውን ወንበር በዓይኑ በረበረው።

«ከኋላ ማን ይቀመጣል?»

ምን አገባው? «ትንሿ ልጄ» አልኩት፣ ዓይኔን ከእጁ ሳልነቅል።

የጨመራቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ መልሶ ቀነሳቸው።

«ምነው ወንድሜ፣ እያሾፍክብኝ ነው?»

«ያለው ጉልበት ይበቃታል» አለና ላፕቶፑን ዘጋ። ክዳኑ ላይ የደበዘዘች የቢራቢሮ ስቲከር አለች፤ እንዳትላቀቅ ዳር ዳሯ በፕላስተር ተይዟል።

«አንተስ ልጅ አለህ?» አልኩት።

ገመዱን ጠቀለለ። ሲጨርስ ፈታውና እንደገና ይጠቀልለው ጀመር።