ፈረሱ አልረገጠውም

ይህን ነገር ከነፍስ አባቴ ደብቄዋለሁ። ባሌም አያውቀውም። ለእናንተ የማወራው ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል፤ ይህም ራሱ ፍርሃት እንደሆነ አይጠፋኝም።

እንጅባራ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል አዲስ የገቡትን ልጆች እንድደግፍ ተመደብኩ። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ አርብ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንት ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ትምህርቱ በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ደግሞ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። እኔ የተመደብኩት እጃቸውን ይዤ እንዳሻግራቸው ነበር። እጃቸውንስ ይዤ ነበር፤ መዳፋቸውን አስዘርግቼ በቀርከሃ ለመግረፍ። «የምመታችሁ ስለምወዳችሁ ነው» እላቸው ነበር። ማን ነው ይህን ያስተማረኝ? ማንም። እኔው ነኝ ያልኩት።

አለልኝ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ የመጣ ልጅ ነበር። ሰኞ ሰኞ ያረፍዳል። ለምን እንደሚያረፍድ አውቃለሁ። ስንቁን በአባቱ ፈረስ ጭኖ ይመጣል፣ ፈረሱን ከተማው ዳር ዘመድ ቤት ያስራል፣ አባቱ በገበያ ቀን መጥተው ይወስዱታል። አውቅ ነበር እያልኳችሁ ነው።

አንድ ሰኞ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ገባ። ጫማው ጭቃ፣ ሹራቡ ዱቄት። የት እንደነበር ጠየቅኩት። አቀረቀረ። በእንግሊዝኛ ደግሜ ጠየቅኩት። አሁንም ዝም። በእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አቀርቅሮ ዝም የሚለው ሲያከብር ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። ግን ተማሪዎቹ ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

መዳፉን ገረፍኩት። አላለቀሰም። አለማልቀሱ አናደደኝ። ጀርባውን መታሁ፣ ትከሻውን መታሁ፣ ቀርከሃው ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀውን ጣልኩና በሙሉ ክንዴ በጥፊ መታሁት። ግራ ጆሮውን። ግንባሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትሞ ወደቀ። መውደቁም አልበቃኝም። ኮሌታውን አንቄ አነሳሁትና ያንኑ ጆሮ ደገምኩት። የመጀመሪያውን ንዴት ነው ልበል፤ ሁለተኛውን ምን ልበለው? አንስቼ፣ አቁሜ፣ አነጣጥሬ ነው የመታሁት። እኔ ነኝ። ከጆሮው ደም ወጥቶ በአንገቱ ወረደ። «ውጣ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ወጣ። እጄን በመሐረብ ጠርጌ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እንዲያውም ክፍሉ ጸጥ በማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀረ። ሰንበት ብለው አባቱ መጡ፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ በማዳበሪያ ድንች ተሸክመው።

«ልጁን ፈረስ ረግጦት ነው የቀረ፤ አይቆጡብኝ» አሉ። «ስንቁን ሲያወርድ ጆሮውን አለው።»

ልጁ የነገራቸው ይህን ነው። ለምን? ፈርቶኝ ይሆን? አፍሮ ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ያን ከይሲ አስሬ ቀጠቀጥሁት» አሉ ቀጥለው። «ደሙ እስኪፈስ ድረስ፣ ዱላው ነው የተሰበረ። ኋላ አዘና ገበያ ወስጄ ሸጥሁት። ልጄን ከሚገድልብኝ ብዬ።»

ይህን ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለአዊ ገበሬ ፈረስ ክብሩ ነው፤ ልጁ የሚዳርበት፣ ለጥምቀት የሚወጣበት ነው። እኒህ ሰው ክብራቸውን የደበደቡት በእኔ እጅ ሥራ ነው። «ፈረሱ አልረገጠውም፣ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «እግዜር ይማረው» አልኩ።

«እርስዎ አይደሉ ወይ እዚህ እናቱ፤ አደራዎን» ብለው ድንቹን ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ቀቅዬም ከልጆቼ ጋር በላሁት።

አለልኝ ተመለሰ። ስንቁን አሁን በትከሻው ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። ክፍል ውስጥ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ፣ ያን አዲስ ቋንቋ በአንድ ጆሮ ሊይዝ ይታገላል። አልቻለም። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። ማንም ለምን አላለም፤ እኔም «ከገጠር የሚመጡት ይከብዳቸዋል» ብዬ ለርዕሰ መምህሩ አስረዳሁ።

ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞኝ ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ እሱ ነበር። «ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ» አለ ደስ ብሎት። ከኋላው በግራ በኩል ተቀመጥኩ። ቀኙ ባዶ ነበር፤ ግራውን የመረጥኩት አውቄ ነው። ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «አለልኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ባጃጁን አቀዝቅዞ ዞረ። «ምን አሉኝ ቲቸር? በዚህ በኩል አልሰማም፤ ፈረስ ረግጦኝ ነው።»

ይህን ለእኔ! ዐይኔን እያየ! ለሰው ሁሉ ሲለው ኖሮ ለምዶበት ይሆን፣ ወይስ ከኀፍረቴ ሊያወጣኝ? እኔ ግን ምን አልኩት መሰላችሁ?

«እዚህ ጋ አውርደኝ ነው ያልኩህ።»

ዝናቡ ላይ አወረደኝ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የመታሁት እናንተን አይደለም። የልጁ ቀኝ ጆሮ ይሰማል፣ እኔም አፍ አለኝ።